ክብደቱ ቀስ ብሎ የሚጨምር ሕፃን

ጤነኛ ሆኖ ጊዜው ደርሶ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በማኅፀን ሳለ የያዘውን ትርፍ ፈሳሽ በሽንት ያስወጣል፤ ጥቁሩንና የሚያጣብቀውን የመጀመሪያ ሰገራ ይጥላል፤ የሚጠባው እንገርም ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም መጠኑ ጥቂት ነው። 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆኖ የተወለደ ልጅ በአራተኛው ቀን 3 ኪሎ ቢመዝን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ከልደት ክብደት እስከ 7 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ አጠባቡን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ልጁን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ወተቱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲሞላ ቅነሳው ይቆማል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ወደ ተወለዱበት ክብደት ይመለሳሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት በሰው ዕድሜ ውስጥ ተመልሶ የማይመጣ ፍጥነት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕፃኑ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል፤ አምስት ወር አካባቢ የልደት ክብደቱን እጥፍ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መካከለኛው ወንድ ልጅ ሲወለድ 3.3 ኪሎ፣ በስድስት ወሩ 7.9፣ በዓመቱ 9.6 ኪሎ ይመዝናል፤ መካከለኛዋ ሴት ልጅ ደግሞ 3.2፣ 7.3 እና 8.9። ፍጥነቱ ግን ወር በገባ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በሁለተኛው ወር አንድ ኪሎ የጨመረ ልጅ በዘጠነኛው ወር 300 ግራም ብቻ ቢጨምር እድገቱን አላቆመም፤ ልጆች የሚያድጉት እንዲህ ነው። ይህን ያልተነገራት እናት በሰባትና በስምንተኛው ወር «ልጄ ቀረ» ብላ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

አንድ ጊዜ የተመዘነ ክብደት ለብቻው ብዙ አይናገርም። አምስት ኪሎ የሚመዝን የሦስት ወር ልጅ ከትልቅ ክብደት ወርዶ እዚያ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ሆኖ ተወልዶ በራሱ መንገድ በደንብ እየወጣ ያለም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ተከታታይ ልኬቶች በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ሲያያዙ ነው፤ የሚነበበውም ነጥቡ ሳይሆን መስመሩ ነው። መስመሩ እንዲታመን ደግሞ አመዛዘኑ መታመን አለበት። በየጤና ኬላው የሚንጠለጠለው፣ እስከ 25 ኪሎ የሚመዝነው የሳልተር ሚዛን የሚያነበው በ100 ግራም ልዩነት ነው፤ 100 ግራም ደግሞ ለአንድ ወር ሕፃን የአራት ቀን እድገት ነው። ለጨቅላ በ10 ግራም የሚያነብ የጠረጴዛ ሚዛን ይሻላል። ልጁ ራቁቱን፣ በተመሳሳይ ሚዛን፣ በተቻለ መጠን ከመጥባቱ በፊት መመዘን አለበት። ባለፈው ወር ከነፎጣው ዛሬ ራቁቱን የተመዘነ ልጅ በወረቀት ላይ የከሳ ይመስላል። ብዙ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ስሌት ደንግጧል፤ ክብደቱ የቀነሰ ከመሰለ ከማንኛውም እርምጃ በፊት መደረግ ያለበት ዳግመኛ መመዘን ነው።

መስመሩ የሚነጻጸርበት ሰንጠረዥም ራሱ ታሪክ አለው። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ዓለም የሕፃናትን እድገት ያነጻጸረው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሰንጠረዥ ነበር። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መረጃ የተወሰደው በኦሃዮ ግዛት ከተደረገ ጥናት ሲሆን፣ ከተለኩት ሕፃናት የሚበዙት የጡጦ ወተት የሚጠጡ ነበሩ። ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ፈጥኖ ያድግና ከዚያ ጡጦ ከሚጠጣው ይልቅ ረጋ ይላል። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ስንት እናት ጤነኛ ልጇ ላይ ጡጦ እንድትጨምር እንደተነገራት መገመት አያዳግትም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለማረም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት የሚጠቡና ጥሩ እንክብካቤ ያገኙ 8,500 ያህል ሕፃናትና ልጆችን አስለክቶ አዲሱን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። የስድስቱ አገሮች ልጆች እድገት እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ነው፤ «የእኛ ልጆች በተፈጥሯቸው ትንሽ ናቸው» የሚለውን ማጽናኛ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያፈርሰዋል።

ታዲያ መስመሩ ምን ያህል ሲወርድ ነው የሚያሳስበው? ናይስ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ መልሱን ከልደት ክብደት ጋር ያያይዘዋል። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ በሰንጠረዡ ላይ በታተሙት መስመሮች መካከል ያለ አንድ ክፍተት ቢወርድ በቂ ምልክት ነው፤ መካከለኛ ሆኖ የተወለደው ሁለት፣ ትልቅ ሆኖ የተወለደው ደግሞ ሦስት ሲወርድ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የልደት ክብደት የሚወሰነው በአብዛኛው እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ በነበረችበት ሁኔታ ሲሆን፣ በኋላ ልጁ የሚይዘው መስመር ግን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ነው። ከአጫጭር ወላጆች 4 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ራሱ መስመር ቀስ ብሎ ይወርድና እዚያ ይረጋል። እንዲህ ያለው ልጅ ንቁ ነው፣ ይጫወታል፣ ቁመቱና የራስ ቅሉ ዙሪያም ከክብደቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ምግብ ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው ክብደት ነው፤ ቁመት ዘግይቶ ይከተላል፤ የራስ ቅል ዙሪያ የመጨረሻው ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ የአራት ወር ሕፃን በሰንጠረዡ ላይ የሁለት ወር ልጅ ነው።

መስመሩ በእርግጥ ከወረደ ቀጣዩ ጥያቄ ወተቱ ልጁ ሆድ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ከስድስት ወር በታች ባሉ ሕፃናት ዘንድ የክብደት መዘግየት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስውር በሽታ ሳይሆን በቀን የሚገባው ወተት ማነሱ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ የሚሸና፣ ሽንቱም የነጣ ልጅ ፈሳሽ እያገኘ ነው። የጨርቅ ሽንት ጨርቅ ይህን በቀላሉ ያሳያል፤ ዳይፐር ግን እርጥበቱን ስለሚውጥ በክብደቱ መገመት ይጠይቃል። ሰገራው ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ቢጫ መሆን አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሰገራ የሚወጣው ልጅ በቂ ወተት አላገኘም ማለት ነው።

ለቅሶ ግን የሚያሳስት መለኪያ ነው። የጠገበ ልጅም ያለቅሳል። የተራበ ጨቅላ ደግሞ ሁልጊዜ አያለቅስም፤ ኃይሉን ለመቆጠብ ይተኛል። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አይቀሰቅስም» ተብሎ የሚመሰገነው የሦስት ሳምንት ሕፃን አንዳንዴ በጣም የሚያሳስበው እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት፤ ከአራት ሰዓት በላይ ከተኛ መቀስቀስ ነውር የለውም። ተጠቅልሎ በደንብ የሞቀ ልጅ ጡት ላይ ቶሎ እንቅልፍ ስለሚወስደው ልብሱን አቅልሎ ከእናቲቱ ገላ ጋር ማስነካት ያነቃዋል።

ጡት ላይ ያለው ነገር በዓይን መታየት አለበት። ጡት በደንብ የያዘ ሕፃን አፉ በሰፊው ተከፍቷል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ አገጩ ጡቱን ነክቷል፤ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይስብና ወተቱ ሲወርድ ረዥምና ረጋ ያለ አጠባብ ይጀምራል፤ የመዋጡ ድምፅ ይሰማል። የጡት ጫፏ የቆሰለ፣ ወይም ልጁ ሲለቅ ጫፉ ተጨፍልቆ የሚወጣ እናት ብዙውን ጊዜ ችግሯ የወተት ማነስ ሳይሆን የአያያዝ ነው። ልጁ የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዞ አንድ ሰዓት ጡት ላይ ቢቆይ እንኳ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

በየሰፈሩ የሚሰጠው ፍርድ ግን ሌላ ነው፤ «ጡቷ ደርቋል»፣ «ወተቷ ስስ ነው» ይባላል። ስስ የሚመስለው የእናት ወተት ጉድለት የለበትም፤ በመጥባቱ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ የሚመስለውና በመጨረሻው የሚወጣው ቅባታም ወተት የአንድ ጡት ናቸው። የወተቱ መጠንም የሚወሰነው በአወጣጡ ነው። ሕፃኑ ሲስብ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲሠራ ያዛል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተሠራውን ያወርዳል። ባዶ የሆነ ጡት ይሠራል፤ ሞልቶ የቆየ ጡት ሥራውን ይቀንሳል። ፕሮላክቲን በሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊት ማጥባት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። እንግዲህ «ጡቷ ደርቋል» ተብሎ ሁለት ጡጦ የተጨመረለት ልጅ ጡቱን ሁለት ጊዜ ያነሰ ይስበዋል፤ ጡቱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ ፍርዱ ራሱን እውነት ያደርጋል።

የሐሰት ምግቦችም አሉ። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር በውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ወይም «ጠምቶታል» ተብሎ የሚሰጥ ውኃ የሕፃኑን ሆድ ይሞላሉ እንጂ አያሳድጉትም፤ ለተቅማጥም በር ይከፍታሉ። በሞቃት ቆላ እንኳ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ከእናት ወተት ሌላ ውኃ አያስፈልገውም። ከዚህ የከፉት መቆረጥና መነቀል ናቸው። መጥባት ያቃተው ወይም የሚያስታውክ ሕፃን እንጥሉ እንዲቆረጥ፣ ተቅማጥ የያዘው ደግሞ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ከድድ ውስጥ እንዲወጣ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም ይደረጋል። ሁለቱም ምንም ዓይነት የሕክምና ጥቅም የላቸውም፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣሉ፤ አፉ የቆሰለ ልጅ ደግሞ ጭራሽ መጥባቱን ይተዋል።

በእርግጥ ወተት የሚያንስባቸው እናቶች አሉ፤ ይህን መካድም ሌላ ግፍ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በማኅፀኗ የቀረባት፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተነካ፣ ወይም ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የጀመረች እናት ልጇ ክብደቱ ሲዘገይ እሷም መመርመር አለባት። አራስን አጥሚትና ገንፎ ማብላት፣ ከሥራም ማሳረፍ የቆየ ጥበብ ነው፤ ዋና ጥቅሙ እናቲቱ ጉልበት አግኝታ ደጋግማ እንድታጠባ ጊዜ መስጠቱ ነው። በከተማ ይህ ጊዜ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 90 ቀን ሲሆን፣ ብዙ ልጆች መስመራቸው መውረድ የሚጀምረው እናት ወደ ሥራ በተመለሰችበት በአራተኛው ወር አካባቢ ነው። ሥራ ቦታ ላይ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ዱቄት ወተት የሚጠቀም ቤተሰብም ቆርቆሮው እንዲከርም ብሎ ማቅጠን የለበትም፤ ልጁ ስድስት ጡጦ ጠጥቶ የሚከሳው በዚህ ነው።

አጠባቡ ጥሩ ሆኖ፣ ወተቱም በቂ ሆኖ ክብደቱ ካልጨመረ በሽታ ይፈለጋል። ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና በመሃል የሚደክመው ልጅ የልብ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ጥቂት ማቅረሽ የሁሉም ሕፃን ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ወተቱን ወደ ፊት ርቆ እስኪሄድ የሚያስታውክና ወዲያው ደግሞ የሚራብ ልጅ ግን የጨጓራ መውጫው ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መመርመር አለበት፤ ከተረጋገጠ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ችግሩ በወንዶች በተለይም በበኩር ልጆች ላይ ይበዛል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከትኩሳት በቀር ምልክት ሳያሳይ እድገትን ያዘገያል። የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ በሰገራ ውስጥ ደም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ቤተሰብ፣ የምላስ ሥር መታሰርና የላንቃ መሰንጠቅ ሁሉ መታየት ያለባቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ምርመራ ግን በአንድ ቀን ለሁሉም ልጅ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ጥሩ ሐኪም አብዛኛውን መልስ የሚያገኘው ከታሪኩና ልጁ ሲጠባ ከማየት ነው።

ስድስት ወር ከሞላ በኋላ መልኩ ይለወጣል። ጡት ብቻውን አይበቃም፤ የሚጨመረው ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭን አጥሚት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በውኃ የቀጠነ አጥሚት ሆዱን ይሞላውና ኃይል ሳይሰጠው ያልፋል። ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ ከጥራጥሬ፣ ከእንቁላል ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ያሳድጋል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስትና አራት ጊዜ መመገብ ያስፈልጋል። በጾም ወራት እንቁላልና ወተት ከሕፃኑ ሳህን የሚጠፉበት ቤት ብዙ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም ባይኖርበትም ዕቃው እንዳይነካካ ሲባል ይቀርበታል፤ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ መለየት ችግሩን ይፈታዋል።

እርምጃው በአብዛኛው ከጡት ይጀምራል። አያያዙ ይታረማል፤ ልጁ ቢያንስ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ከሁለቱም ጡት ይጠባል፤ ሲያንቀላፋ እናቲቱ ጡቷን በእጇ ጫን በማድረግ ወተቱን ታወርድለታለች። ከጠባ በኋላ የቀረው ታልቦ በስኒ ይሰጠዋል። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውጤት ካላሳየ፣ ወይም ልጁ ከጅምሩ በጣም የከሳ ከሆነ፣ በጤና ባለሙያ ምክር በትክክል የተበጠበጠ ዱቄት ወተት ይጨመራል። ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ተጨማሪው ይህንን የሚያሟላ እንጂ ጡቱን የሚተካ መሆን የለበትም። በስድስት ወርና ከዚያ በላይ ላሉ የተጎዱ ልጆች የሚሰጠው ፕላምፒ ናት የተባለው ምግብ ለጨቅላ አይሰጥም።

እንደገና የሚመዘንበት ጊዜም ልክ አለው። የብሪታንያው መመሪያ አንድ ወር ላልሞላው በየቀኑ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ላለው በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየሁለት ሳምንቱ ይላል። ከዚህ የበዛ ምዘና የሚለካው የሽንትንና የሰገራን መዋዠቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ የሚመዘን ልጅ ደግሞ እናቱን እንቅልፍ ይነሳታል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች አሉ። መጥባት ያቆመ፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያልሸና፣ የብብት ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ከ35.5 በታች የወረደ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ስድስት ወር የሞላው ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ከስድስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ላለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያው ያስቀመጠው ወሰን 11 ሴንቲ ሜትር ነው።

ምክንያቱ ተገኝቶ ሲታረም ልጁ ቀድሞ ከነበረው ፍጥነት በልጦ ይጨምራል። ለጊዜው በቀን 40 ግራምና ከዚያ በላይ የሚጨምሩ አሉ፤ መስመሩም ወደ ቀድሞ ቦታው ይወጣል። ቁመቱ ከክብደቱ ሳምንታት ዘግይቶ ስለሚከተል ልጁ ለጥቂት ጊዜ ድብልብል ያለ ይመስላል፤ ይህ ምግብ ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም። ተጨማሪ ወተት የተጀመረለት ከሆነ መስመሩ ለሁለትና ሦስት ምዘና ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ፣ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ እየተባለ ይቀነሳል፤ ውጤቱም በቀጣዩ መደበኛ ምዘና ይታያል። ልጁ ያለ ተጨማሪ በራሱ መስመር ላይ ሲሄድ ወደ መደበኛው ወርኃዊ ክትትል ይመለሳል።